ድንጋጤ፥ ንዴትና ኀዘን በደማችንና በልባችን ላይ የሚያደርሱት

በቋንቋችን «ረጋ» የሚለው ግሥ ለሁለት ነገር ይነገራል። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ ከቍስል የወጣም ደም ጥቂት ቈይቶ ይረጋል። እንዲሁም ከድንጋጤው የተመለሰውን ወይም ከቍጣው የበረደውን ሰው «አሁን ረጋ አለ» እንለዋለን፤ የተጨነቀውንም ወዳጃችንን «ተረጋጋ» እያልን እናጽናናዋለን። የዚህ ቃል ሁለት ፍቺዎች በሰው ሰውነት ውስጥም የተራራቁ አይደሉም። የሰው መንፈስ እርጋታን ባጣ ጊዜ ደሙ ወደ መርጋት ያዘነብላል፤ ይህንንም ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩት ቈይተዋል።

«ንዴት ገደለኝ»፥ «ሐሳብ በላኝ»፥ «ልቤ ተሰበረ» ማለት በየቤቱ የሚሰማ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን የአነጋገር ልማድ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን በየቤታችን የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው እናትና አባት፥ አያትና አጎት አሉ። ስለዚህ ድንጋጤና ንዴት ኀዘንም በልብ ላይ በእውነት ምን ያህል ጕዳት እንደሚያደርሱ፥ የትኛው እውነት፥ የትኛውስ ግነት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር፥ ቀጥሎ በምርመራ የተገኘውን ማስረጃ፥ በመጨረሻም በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን፥ ይልቁንም የመርዶን ነገር፥ ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ደም ስለ ምን ይረጋል?

በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ይዘዋወራል። ልብም ይህን ደም ለመግፋት በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ደም በሥሮቹ ውስጥ እስካለ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ መኖር አለበት፤ ሥሩ በተቈረጠ ጊዜ ግን ፈጥኖ ረግቶ ቀዳዳውን መድፈን አለበት። እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ናቸው፤ የሰውም ሕይወት በሁለቱ መካከል ባለው ሚዛን ተጠብቆ ይኖራል።

የመርጋቱን ሥራ የሚጀምሩት አርጊ ሕዋሳት (ፕሌትሌት) የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም፥ ይኸውም ከአንዲት ጠብታ በብዙ ባነሰች መጠን ውስጥ፥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱ አርጊ ሕዋሳት ይገኛሉ። ሥር ሲቈስል እነዚህ ሕዋሳት ወደ ቍስሉ ደርሰው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ከዚያም በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ፋይብሪኖጅን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ክር ተለውጦ እንደ መረብ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ቍስሉ በዳነ ጊዜ ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሙ ሌሎች ንጥረ ነገሮች መረቡን ቀስ በቀስ ይፈቱታል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግር የሚመጣው ደም መርጋት በማይገባው ስፍራ የረጋ እንደ ሆነ ነው። ለልብ ጡንቻ ምግብና ኦክስጅን የሚያደርሱት ሥሮች ቀጫጭኖች ናቸው። በዕድሜ ብዛት፥ በትምባሆ፥ በደም ግፊት፥ በስኳር ሕመምና በደም ውስጥ በበዛ ኮለስትሮል ምክንያት በሥሮቹ ግድግዳ ላይ ስብ እንደ ደለል ይከማቻል። የዚህ ስብ ሽፋን አንድ ቀን የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ሰውነት እንደ ቍስል ቈጥሮት ደም ያረጋበታል። የረጋው ደም ሥሩን ይዘጋዋል፤ ከተዘጋው ስፍራ ወዲያ ያለውም የልብ ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 ዓ.ም. ብቻ በልብና በደም ሥር ሕመሞች 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከሞተው ሰው ሲሶ ያህሉ ነው።

የሐኪሙ የጆን ሀንተር ታሪክ

የመንፈስ ሁከት ልብን እንደሚነካ ማስተዋል የዛሬ ነገር አይደለም። የደምን ዝውውር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሥቃይም ሆነ ደስታ፥ ተስፋም ሆነ ፍርሃት አእምሮን በነካ ጊዜ ሁከቱ እስከ ልብ እንደሚደርስ ጽፎ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጆን ሀንተር ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ይህ ሰው በ1728 ዓ.ም. በስኮትላንድ ተወልዶ በለንደን እጅግ ስመ ጥር ለመሆን የበቃ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በዕውቀቱ የሚስተካከለው ጥቂት ነበር፤ ጠባዩ ግን ቍጡ ነበር። ለብዙ ዓመታት ደረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ያሠቃየው ስለ ነበረ፥ ሕመሙም በተቈጣ ጊዜ ሁሉ ይነሣበት ስለ ነበረ፥ «ሕይወቴ ሊያናድደኝ በፈለገ ሰው ሁሉ እጅ ናት» የሚል ትርጕም ያለው ነገር ይናገር እንደ ነበር ይተረክለታል። እንደ ፈራውም ሆነ። በጥቅምት 16 ቀን 1793 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በተደረገ ስብሰባ ላይ በቃል ተቃወሙት፤ እርሱም ንዴቱን አምቆ ከአዳራሹ ወጣ፤ ወደ ሌላ ክፍል እንደ ገባም ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ በተመረመረ ጊዜ ልቡን የሚመግቡት ሥሮች ጠንክረው ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የዚያን ቀን ክርክር የሀንተርን ሞት ቢያፋጥነውም ሕመሙ ግን ለብዙ ዓመታት በሥሮቹ ውስጥ ሲዘጋጅ የኖረ መሆኑ ነው። ክርክሩ ክብሪት ነበር፤ የተከማቸው እንጨት ግን ከቀድሞ የነበረ ነው። ሁለተኛው ነገር ከወዳጁ የተገኘ ነው። በኋላ የፈንጣጣን ክትባት በማስገኘት ዝናው በዓለም የተሰማው ኤድዋርድ ጄነር የሀንተር ደቀ መዝሙር ነበር። ጄነር የመምህሩ ሕመም ከልብ ሥሮች መጠንከር የመጣ መሆኑን አስቀድሞ ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ሀንተር ይህን ቢሰማ እንዳይደነግጥና እንዳይጐዳ በማሰብ ግምቱን በአደባባይ ሳይገልጥ ቈየ። ክፉ ወሬን ለበሽተኛ መቼና እንዴት መንገር ይገባል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የቈየ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ድንጋጤ በደም ላይ የሚሠራው

በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ዋልተር ካነን ይህን ነገር በምርመራ ከተከታተሉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ድመት የውሻን ጩኸት ሰምታ ስትደነግጥ ከኩላሊት በላይ ካሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ቅመም ወደ ደሟ እንደሚገባ አስረዱ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ አድሬናሊን በደም ውስጥ ሲጨመር ወይም እንስሳው በቍጣና በፍርሃት ሲነሣሣ ደሙ የሚረጋበት ጊዜ እንደሚያጥር ለክተው አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙት።

የፕሮፌሰሩ ማብራሪያ ቀላልና የሚያሳምን ነው። አውሬ የመጣበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ይዋጋል ወይም ይሸሻል። ለሁለቱም ቢሆን ልቡ ፈጥኖ መምታት አለበት፤ ደሙ ወደ ጡንቻዎቹ መጕረፍ አለበት፤ ጕበቱ ለጕልበት የሚሆነውን ስኳር መልቀቅ አለበት። ምናልባት ቢቈስልም ደሙ ፈስሶ እንዳያልቅ ፈጥኖ መርጋት አለበት። ስለዚህ የደም መፋጠን ለተዋጊው ጋሻ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን የምንደነግጠው በስልክ ነው፤ የምንቈጣው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። የሚፈስስ ቍስል ሳይኖር ደሙ ለቍስል ይዘጋጃል፤ የሚሮጥ እግር ሳይኖር ልብ ይሮጣል። ጤነኛ ሥር ያለው ሰው ይህን ያለ ጕዳት ያሳልፈዋል። ሥሩ በስብ የጠበበ ሰው ግን ለጥቅሙ የተሰጠው ጋሻ በራሱ ላይ ይወድቅበታል።

ከካነን በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ነገሩን በሰው ላይ አጣርተውታል። አርጊ ሕዋሳት በላያቸው አድሬናሊንን የሚቀበሉ ስፍራዎች አሏቸው፤ አድሬናሊን ሲደርሳቸው ለመጣበቅ ይነሣሣሉ። በድንጋጤ ጊዜም በደም ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ አርጊ ንጥረ ነገሮች መጠን ከፍ ይላል። ሰውነት በዚያው ሰዓት የረጋውን የሚያሟሙትንም ያነሣሣል፤ ሚዛኑ ግን በጠቅላላው ወደ መርጋት ያደላል።

በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የተደረገውን ምርመራ ደግሞ አንባብያን ሳይወዱት አይቀሩም። 24 ጤነኛ ወጣቶች በአንድ ቀን የሚያስፈራ ፊልም፥ በሌላ ቀን ደግሞ ትምህርታዊ ፊልም እንዲመለከቱ ተደረገ፤ ከእያንዳንዱ ፊልም በፊትና በኋላም ደማቸው ተወሰደ። በ2015 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ከሚያስፈራው ፊልም በኋላ ከመቶ 57ቱ፥ ከትምህርታዊው ፊልም በኋላ ግን ከመቶ 14ቱ ብቻ ፋክተር 8 የሚባለው አርጊ ንጥረ ነገር በደማቸው ጨምሮ ተገኘ። ይሁን እንጂ በአንዳቸውም ላይ ደም የመርጋቱ ሥራ በእውነት መጀመሩ አልታየም። ስለዚህ ፍርሃት ደምን ያዘጋጀዋል እንጂ በጤነኛ ወጣት ሥር ውስጥ ብቻውን አያረጋውም ማለት ነው።

በሕዝብ ላይ የታየ ማስረጃ

በጥር 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት በ10 ሰዓት ከ31 ደቂቃ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ አጠገብ ብርቱ የመሬት መናወጥ ሆነ። በወትሮው ቀን በዚያ አውራጃ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በአማካይ ከ5 በታች ነበር፤ በዚያ ቀን ግን 24 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከባድ ሥራ ሲሠሩ የሞቱ አልነበሩም። በቀጠሉት ጥቂት ቀናት ደግሞ የሟቾቹ ቍጥር ከወትሮው አነሰ። ይህም ድንጋጤው የገደላቸው ብዙዎቹ አስቀድሞ ልባቸው የታመመና ለሞት የቀረቡ እንደ ነበሩ ያመለክታል።

በ2006 ዓ.ም. የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በጀርመን አገር ሲደረግ፥ በሙኒክና በአካባቢዋ ያሉ ሐኪሞች በድንገት የታመሙትን ቈጠሩ። የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት በልብ ሕመም ወደ ሐኪም የተጠሩት ሰዎች ቍጥር ከሌላው ቀን 2.66 ዕጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የወንዶቹ ለብቻው 3.26፥ የሴቶቹ ደግሞ 1.82 ዕጥፍ ነበር። ይህ በጨዋታ ነው። በቤት ውስጥ በሚደረግ ጠብ ቢሆንስ? በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት፥ ሰው ብርቱ ቍጣ ከተቈጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዙ አደጋ ከሌላው ጊዜ 2.3 ዕጥፍ እንደሚሆን አስረድቷል።

የደም ሥር ሳይዘጋ ልብ በኀዘን የሚታመምበትም ጊዜ አለ። በ1990 ዓ.ም. የጃፓን ሐኪሞች፥ ዶክተር ሂካሩ ሳቶና ጓደኞቻቸው፥ ብርቱ ድንጋጤ ወይም ኀዘን የደረሰባቸው ሰዎች ልባቸው በግራ በኩል ከታች እንደ ፊኛ ተነፍቶ መምታት እንደሚያቅተው ገለጡ። የልቡ መልክ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች የባሕር እንስሳ የሚይዙበትን አንገተ ጠባብ ማሰሮ ስለሚመስል በዚያው ማሰሮ ስም «ታኮሱቦ» ብለው ሰየሙት። ከታማሚዎቹ የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ይድናሉ፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ የሚገድል ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት መግባት ግድ ነው። እናቶቻችን «ልቤ ተሰበረ» ሲሉ እንግዲህ ሁልጊዜ ምሳሌ ብቻ መናገራቸው አይደለም።

ቀን ከሌት የማይለይ ጭንቀት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድንገተኛው ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚበላ ሌላ ጭንቀት አለ፤ ይኸውም የኑሮ ውድነት፥ የማያልቅ የባልና የሚስት ጠብ፥ በውርስ ምክንያት የወንድማማች ክርክር፥ በስደት ያለ ልጅ ናፍቆት፥ የአልጋ ቍራኛን ብቻ ለብቻ ማስታመም ነው። በ2004 ዓ.ም. በ52 አገሮች በ30,000 ያህል ሰዎች ላይ የተደረገው ኢንተርሃርት የተባለው ታላቅ ጥናት እንዳስረዳው፥ በቤትም ሆነ በሥራ የማያቋርጥ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋቸው ጭንቀት ከሌለባቸው ሁለት ዕጥፍ ያህል ነበር።

ይህ በምን መንገድ እንደሚሆን በ2017 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ በከፊል አሳይቷል። በአሜሪካ የሚገኙ ሐኪሞች የ293 ሰዎችን አንጐል በመሣሪያ መርምረው፥ ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላ የተባለው የአንጐል ክፍል የሚበረታባቸው ሰዎች በመቅኒያቸው የደም ሕዋሳት ሥራ እንደሚጨምር፥ በደም ሥራቸውም ላይ ብግነት እንደሚገኝ አወቁ። እነዚሁ ሰዎች በቀጠሉት ዓመታት ከሌሎቹ ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም ተይዘዋል። ከዚህም ጋራ የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ትምባሆና መጠጥ ያበዛል፤ መድኃኒቱን ይረሳል። ስለዚህ ጭንቀት በደም ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጠባያችንም በኩል ልባችንን ይጐዳል።

ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣው የመንፈስ ድብርትም እንደ ቀላል አይታይም። በ1993 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ 222 የልብ ታማሚዎች ተከታትለው ሲታዩ፥ ከሐኪም ቤት ሳይወጡ ብርቱ ድብርት የያዛቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የመሞታቸው አደጋ የሕመማቸው ክብደት እንኳ ከታሰበ በኋላ ከሌሎቹ አራት ዕጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። «ከሞት ተርፎ ሳለ ምን ያስተክዘዋል» ብሎ በሽተኛን መገሠጽ አይገባም፤ ትካዜው ራሱ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

ኀዘንና መርዶ

አሁን ሁላችንንም ወደሚነካው ነገር እንመጣለን። በ2012 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፥ ሰው የሚወደው ሰው በሞተበት በመጀመሪያው ቀን ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዙ አደጋ ከወትሮው 21 ዕጥፍ እንደሚሆን፥ ከዚያም በኋላ በየቀኑ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስረድቷል። ይህ ቍጥር ሰውን እንዳያስፈራ አጥኚዎቹ ራሳቸው ያሰሉትን እንጨምር። ልቡ ጤነኛ ከሆነና የአደጋ ምክንያት ካነሰበት ሰው፥ በኀዘኑ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት የሚታመመው ከ1,394 ሰዎች አንዱ ብቻ ነው። አስቀድሞ ብዙ የአደጋ ምክንያት ካለባቸው ግን ከ320 አንዱ ነው። እንግዲህ ልንጠነቀቅላቸው የሚገባን እነማን እንደ ሆኑ ግልጽ ነው፤ አረጋውያን፥ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው፥ ቀድሞም በልብ ሕመም የተያዙ ናቸው።

ይህን ስናነብ የአባቶቻችን ሥርዓት በከንቱ የተሠራ አለመሆኑን እናስተውላለን። መርዶ በማለዳ፥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፥ ጎረቤትና ዘመድ ተጠርቶ ይነገራል። መርዶ ነጋሪው ብቻውን አይመጣም፤ መርዶ ተቀባዩም ብቻውን አይተውም። ለቅሶ ደራሹ በሠልስት አይበተንም፤ ዕድርተኛው ውሎ ያድራል፤ እህል እንዲቀምሱ ኀዘንተኞችን ይለምናል። የልብ አደጋ ከሁሉ የሚብስባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ በሰው የሚሞላባቸው ቀናት ናቸው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 የተጻፈውን የናባልንና የአቢግያን ታሪክ የምታውቁ ሁሉ፥ አቢግያ በዚያች ሌሊት ለባልዋ ምንም ሳትነግረው እስኪነጋ እንደ ቈየች፥ በነጋም ጊዜ በነገረችው ሰዓት ልቡ በውስጡ እንደ ሞተ፥ ከዐሥር ቀን ያህል በኋላም እንዳረፈ ታስታውሳላችሁ። ይህን ዛሬ በምናውቀው በሽታ ስም ልንጠራው አይገባንም፤ ነገር ግን ክፉ ወሬ ልብን እንደሚመታ የጥንት ሰዎችም እንዳስተዋሉ ያሳየናል።

ዛሬ ይህ ሥርዓት በሁለት በኩል እየተሰናከለ ነው። በአንድ በኩል ወሬው ከሽማግሌዎች ቀድሞ በስልክና በፎቶግራፍ ይደርሳል። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የእናቷን ሞት በሥራ ላይ ሳለች፥ የሚደግፋት ሰው በሌለበት፥ ከስልኳ ላይ ታነብባለች። በሌላ በኩል ደግሞ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያለው ዘመድ «እንዳይደነግጥ» እየተባለ ሞቱ ለወራት ይደበቅበታል። ጄነር መምህሩን እንዳያስደነግጥ ዝም ማለቱን ብናመሰግንም፥ የቤተ ሰብ ሞት ግን ለዘለዓለም አይደበቅም። ያረፈደ መርዶ በኀዘኑ ላይ «አታለላችሁኝ» የሚል ቍጣ ይጨምርበታል፤ ከለቅሶው፥ ከጸሎቱና ከአጽናኙም ይለየዋል። ስለዚህ ሰው እስኪሰበሰብ ጥቂት ሰዓታት ወይም አንድ ሁለት ቀን መታገሥ መልካም ነው፤ ወራትን መደበቅ ግን አንደግፈውም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፥ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰው መርዶ ሲነገር የሚያምነው ሰው ይንገረው። ታማሚው ተቀምጦ፥ የጧት መድኃኒቱን ወስዶ፥ ቢቻል እህል ቀምሶ ይሁን። ነገሩ በአጭርና በግልጽ ቃል ይነገር እንጂ በጩኸት አይጀመር። በውጭ አገር ላለ ዘመድ ከመደወል በፊት በዚያው ከተማ ላለ ወዳጁ ወይም ለንስሓ አባቱ ተነግሮ፥ እነርሱ ከቤቱ ሲደርሱ ይነገረው። እስከዚያ ድረስም ከቤተ ሰብ ማንም በስልክ ወሬውን እንዳይበትን ይጠንቀቅ።

ሁለተኛ፥ በለቅሶ ቤት አንድ ሰው የኀዘንተኞችን መድኃኒት እንዲጠብቅ ይመደብ። በኀዘን ላይ ያለ ሰው የግፊቱንና የስኳሩን መድኃኒት እንደሚረሳ፥ እንቅልፍም እንደሚያጣ የታወቀ ነው። ውኃ መጠጣቱን፥ ጥቂትም ቢሆን መብላቱንና መተኛቱን የሚያይለት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፥ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ አንገት፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ የትንፋሽ ማጠር፥ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም የታየበት ሰው በኀዘንም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በሴቶችና በአረጋውያን ላይ የደረቱ ሕመም ላይበረታ፥ ድካሙና ማቅለሽለሹ ብቻ ጐልቶ ሊታይ ይችላል። በለቅሶ ጊዜ «ኀዘን ነው»፥ «ደረቷን ስትመታ ስለ ዋለች ነው» እየተባለ ውድ ሰዓት ይባክናል። የተዘጋ የልብ ሥር ደቂቃ የሚቈጥር ነገር ነው፤ ኀዘን መሆኑንና አለመሆኑን የሚለየው ሐኪሙ ነው።

አራተኛ፥ ክርክርን ማሳደር ይቅር። የታመመ አባት ባለበት ቤት የውርስና የገንዘብ ጠብ በፊቱ አይነሣ፤ ግድ የሆነ ነገር ቢኖር ሽማግሌ ተቀምጦ በለዘበ ቃል ይታይ። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ቍጣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እንዳይቈይ መምከሩ ለነፍስ ነበር፤ ለሥጋም ቢሆን እንደሚበጅ ከላይ ያየነው ያስረዳል። የተቈጣ ሰውም መልስ ከመስጠቱ በፊት ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ፤ ትንፋሹን በዝግታ ይሳብ፤ ሰውነቱ ለሩጫ ያዘጋጀውን ኀይል በእግሩ ያውጣው።

አምስተኛ፥ ክብሪቱን ስንጠብቅ እንጨቱን አንርሳ። ድንጋጤ ከቤታችን ፈጽሞ ሊወገድ አይችልም፤ ሥሮቻችን ግን ድንጋጤን እንዲችሉ ልናደርጋቸው እንችላለን። ትምባሆን መተው፥ ጨው መቀነስ፥ በየቀኑ በእግር መሄድ፥ የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን ማስለካት፥ የታዘዘን መድኃኒት አለማቋረጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም የደም ግፊት ካለባቸው ጐልማሶች ግማሽ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ ሁሉ በዚህ ሳምንት እናትና አባቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ግፊታቸውን ያስለካ፤ የመድኃኒታቸውንም ስምና ሰዓት በወረቀት ጽፎ በቤቱ በሚታይ ስፍራ ይለጥፍ። የለቅሶ ቀን በመጣ ጊዜ፥ ሁሉ በእንባ ሲጠመድ፥ ያ ወረቀት የእናቱን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።